«የሁለት ሰዓት ልዩነት» የእህቴን ኩላሊት አያድንም

እህቴ ባለፈው ሳምንት ማታ ደወለችልኝ። ሽንቷን ሲያቃጥላት ሰንብቷል። ሐኪም ዘንድ ሄዳለች፣ ተመርምራለች፣ አንቲባዮቲክ ታዞላታል፣ መድኃኒቱንም ገዝታ ቤቷ ገብታለች። ግን ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ፍሬ አልዋጠችም። ለምን ስላት አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «ጋሽዬ፣ እስቲ ይሄን አንብበው። ከእኔ መድኃኒት ጋር አይሄድም ይላል። ፈራሁ» አለችኝ።

አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ከዚያ በዚያው ማታ ወደ ንቅለ ተከላ ሐኪሟ እንድትደውል አደረግኩና እኔ ይሄን ምላሽ ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ሐኪም አይደለሁም። ግን እህቴ ሰውነት ውስጥ ያለው ኩላሊት የእኔ ነበር። ሰጥቻት ከወጣሁበት ቀን ጀምሮ የእሷ መድኃኒት የእኔም ጉዳይ ሆኗል። ምን ከምን ጋር እንደሚጣላ ለማወቅ ሐኪሞቿንና ፋርማሲስቶችን ሥር ሥራቸው እያልኩ ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ በየካርቶኑ ውስጥ ያለውን መግለጫ ወረቀትም መስመር በመስመር አነባለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ከዚያ ያገኘሁትን ነው፣ አንዳንዱንም በራሳችን ላይ ደርሶ ያየነውን።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው። የሰውነትን መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንቲባዮቲክ ቢወስድ ሁለቱ ይፈራረሳሉ፣ ምክንያቱም አንዱ መከላከያን ያጠናክራል ሌላው ያዳክማል። የግድ ከሆነ በሁለቱ መሃል የሁለት ሰዓት ልዩነት ማድረግ ይበቃል። ከዚያም የተሻለው አንቲባዮቲኩ እስኪያልቅ ድረስ ያኛውን መድኃኒት ማቆም ነው። አሞክሳሲሊን ቀላል ስለሆነ ከሁሉም ጋር ይሄዳል። ትኩሳት ከሌለ ኢንፌክሽን የለም፣ ጠብቁ። በመጨረሻም ለክፉ ቀን አንቲባዮቲክ ቤት ውስጥ አስቀምጡ። ስድስት ነጥብ ናቸው። ጸሐፊው ሰውን ለመጥቀም አስበው እንደጻፉት አልጠራጠርም። «ዝም ብላችሁ መድኃኒት አትቀላቅሉ» የሚለው መንፈሱም ትክክል ነው። ግን ከስድስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሰው ይገድላሉ።

በመጀመሪያው ነጥብ ልነሳ፤ ሌላው ስህተት ሁሉ የሚመዘዘው ከእሱ ነው። አንቲባዮቲክ የሰውነትን መከላከያ አያጠናክርም። ሥራው ባክቴሪያ ላይ ነው። አንዳንዱ የባክቴሪያውን ግድግዳ ያፈርሳል፣ አንዳንዱ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግደዋል፣ አንዳንዱ እንዳይራባ ያደርገዋል። የእናንተ ነጭ የደም ሴል ምን ያህል ንቁ ነው፣ ምን ያህል ተኝቷል የሚለው አይመለከተውም። እንዲያውም ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ አንቲባዮቲኩ የባክቴሪያውን ቁጥር ይቀንስና የቀረውን የሰውነት መከላከያ ይጨርሰዋል። መከላከያው በመድኃኒት የተቀነሰ ሰው ይሄ ረዳት ደክሞበታል። ስለዚህ ባክቴሪያ ሲይዘው ትክክለኛው አንቲባዮቲክ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል፣ ቶሎም ያስፈልገዋል። እህቴ ያን ፍሬ እያየች የቆየችባቸው ሁለት ቀናት ከፊኛ ወደ ኩላሊት ለመውጣት ለባክቴሪያው የተሰጡ ሁለት ቀናት ናቸው።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚገርመኝን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጸሐፊው ጠላቶች አድርገው ያቀረቧቸው ሁለት የመድኃኒት ዓይነቶች በትውልዳቸው ዘመዳሞች ናቸው። እህቴ የምትወስደው መከላከያ መቀነሻ፣ ታክሮሊመስ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተገኘው ጃፓን ውስጥ በጹኩባ አካባቢ ከአፈር ከተወሰደ ባክቴሪያ ነው፤ በኬሚካል አሠራሩም ማክሮላይድ ከሚባለው ቤተሰብ ነው፣ ልክ እንደ አንቲባዮቲኩ ኤሪትሮማይሲን። ሌላው መከላከያ መቀነሻ፣ ሲሮሊመስ፣ ከኢስተር ደሴት አፈር የተገኘ ሲሆን መጀመሪያ የታሰበው ለፈንገስ ማጥፊያ ነበር። ማይኮፌኖሌት ከሚባለው ሌላ መከላከያ መቀነሻ በስተጀርባ ያለውን አሲድ ደግሞ ባርቶሎሜዮ ጎሲዮ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1893 ከሻጋታ ነጥሎ አውጥቶት፣ ባክቴሪያ እንደሚያግድ አይቶ ነበር። እኔ ይሄን ሳውቅ «አንዱ የሌላው ተቃራኒ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ከአእምሮዬ ወጣ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ችግሩ ሁለቱ መድኃኒቶች ከሰውነት የሚወጡበት በር ላይ ነው።

ወደ ሁለት ሰዓቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ምክንያቱም እኛ ቤት የደረሰው ይሄ ነው።

ንቅለ ተከላው በተደረገላት በሁለተኛው ዓመት እህቴን ሳል ያዛት። ወደ መደበኛ ሐኪሟ መሄድ ሩቅ መሰላትና ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ገባች። ክላሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። ታክሮሊመስ እንደምትወስድ ተናግራለች፤ የተሰጣት ምክር «አራርቀሽ ውሰጂው» የሚል ነበር። አራርቃ ወሰደችው። እኔም ሰዓቱን እየቆጠርኩ አስታውሳት ነበር። በአራተኛው ቀን እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻይ መያዝ አቃታት። ራሷን ያማታል፣ እንቅልፍ የለም፣ የደም ግፊቷም ወጥቷል። ሐኪሟ ጋ ስንደርስ በደሟ ውስጥ ያለው ታክሮሊመስ ከሚፈለገው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚወጣው ክሬቲኒንም ጨምሯል። ማለትም ኩላሊቱን ሊጠብቅ የሚወሰደው መድኃኒት ራሱ ኩላሊቱን እየጎዳ ነበር። አንቲባዮቲኩ ተቀየረ፣ ታክሮሊመሱ በሐኪሟ ትእዛዝ ለጥቂት ቀን ቆሞ በየቀኑ ደም እየተለካ ቆየ፣ ቁጥሩም ተመለሰ። እድለኞች ነበርን።

ታዲያ ሰዓቱ ለምን አላዳናትም? ታክሮሊመስንና ሌሎቹን መከላከያ መቀነሻዎች፣ ሳይክሎስፖሪንን፣ ሲሮሊመስንና ኤቨሮሊመስን፣ የሚሰባብራቸው ጉበትና የአንጀት ግድግዳ ውስጥ የሚገኝ አንድ ኢንዛይም ነው። ሲዋይፒ 3ኤ4 ይባላል። ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ይሄን ኢንዛይም ይቆልፉታል። ቁልፉ አንቲባዮቲኩ ከሆድ ሲወጣ የሚከፈት አይደለም፤ ሰውነት አዲስ ኢንዛይም እስኪሠራ ድረስ፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ለቀናት፣ እንደተቆለፈ ይቆያል። ስለዚህ ጠዋት ብትውጡት፣ ማታ ብትውጡት፣ በሁለት ሰዓት ብታራርቁት፣ በስድስት ሰዓት ብታራርቁት ታክሮሊመሱ የሚወጣበት በር ዝግ ነው። እየገባ ይከማቻል። በቃ።

የሁለት ሰዓት ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ከባዶ የተፈጠረም አይደለም። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ከካልሲየም፣ ከአይረን ወይም ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አንድ ላይ ሆድ ውስጥ ከተገናኙ ተጣብቀው ሳይሰርጉ ይቀራሉ። እነዚህን ማራራቅ ይሠራል፤ ሲፕሮን ለምሳሌ ከካልሲየሙ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መውሰድ ይመከራል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን መከላከያ የሚቀንስ ስቴሮይድ የሚወስዱ ብዙ ሰዎች ለአጥንታቸው ካልሲየም ስለሚታዘዝላቸው ይሄ ለእነሱ የሚጠቅም እውቀት ነው። ግን ይሄ ሆድ ውስጥ የሚደረግ ግጭት ነው። የጉበቱ ግጭት ሌላ ነው። ጸሐፊው የአንዱን መድኃኒት ለሌላው በሽታ ነው ያዘዙት።

ከክላሪትሮማይሲን ቤተሰብ አዚትሮማይሲን ይሄን ኢንዛይም እምብዛም አይነካውም፤ ሐኪሞች ታክሮሊመስ ለሚወስድ ሰው ማክሮላይድ ሲያስፈልግ ብዙ ጊዜ ወደ እሱ የሚዞሩት ለዚህ ነው፣ እሱንም ቢሆን በክትትል። ልብ በሉ፤ ክላሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን ስማቸውም ሥራቸውም ይመሳሰላል፣ ለአንድ ዓይነት ሳል ይታዘዛሉ። ለእህቴ ግን በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት የአንድ ኩላሊት ነው።

ተቃራኒውም አለ፣ ጽሑፉም አንድ ቃል አላለበትም። ሪፋምፒሲን። የቲቢ መድኃኒት ነው፤ ለሌሎች ኢንፌክሽኖችም ይሰጣል። እሱ ኢንዛይሙን አይቆልፍም፣ ጉበት ብዙ ብዙ ኢንዛይም እንዲያመርት ያደርጋል። ስለዚህ ታክሮሊመሱ፣ ሳይክሎስፖሪኑ፣ ፕሬድኒሶሎኑም ጭምር በፍጥነት እየተሰባበረ ከደም ይጠፋል። በሽተኛው ዶዙን ሳያጓድል እየዋጠ ምንም እንዳልዋጠ ይሆናል፣ ሰውነቱም የተተከለለትን አካል ማጥቃት ይጀምራል። ይሄ በአንድ ቀን አይታይም፤ አንድ ሁለት ሳምንት እየገነባ ይመጣል። ሪፋምፒሲኑ ሲቆምም እንዲሁ ሁለት ሳምንት ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ዶዝ የሚስተካከለው ሲጀመር ብቻ ሳይሆን ሲቆምም ነው። ሲጀመር ከፍ ተደርጎ፣ ሲቆም ሳይመለስ የቀረ ዶዝ ሌላ መርዝ ነው። አንዳንዴም ሐኪሞች ሪፋምፒሲንን ትተው ኢንዛይሙን በመጠኑ በሚነካው ሪፋቡቲን ይተኩታል።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ በሁለት ሰዓት ልዩነት ማስተካከል እንደማይቻል ግልጽ ይመስለኛል። የሚያስተካክለው የደም ምርመራ ነው። ለእኛ እንደተነገረን ደሙ የሚቀዳው የጠዋቱ ፍሬ ከመዋጡ በፊት ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ውጦ ይሄድና ቁጥሩ ሐኪሙን ያሳስታል።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም የከፋው ነው። «አንቲባዮቲኩ እስኪያልቅ ያኛውን አቁሙ።» ለማን? የትኛውን? ጸሐፊው ይሄን ሳይለዩ ለሁሉም በአንድ መስመር ጽፈውታል።

ኩላሊት፣ ጉበት ወይም ልብ የተተከለለት ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ለሰባት ቀን፣ ለዐሥር ቀን ቢያቆም ሰውነቱ ያን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ ማጥቃት ሊጀምር ይችላል። ሽንት ስላቃጠለኝ ብሎ ኩላሊት ማጣት ማለት ነው። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታትና ለወራት የወሰደ ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት። ኩላሊት ላይ የተቀመጡት አድሬናል የሚባሉ ዕጢዎች መድኃኒቱን ተማምነው የራሳቸውን ኮርቲሶል ማምረት ትተዋል። ድንገት ሲቆም፣ በተለይ በኢንፌክሽን ሰውነት ኮርቲሶል በሚፈልግበት ሰዓት፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ማስታወክ ይመጣል፣ ሰውየው ራሱን ይስታል። ይሞታልም። ለእነዚህ ሰዎች ትኩሳት ሲኖር ሐኪሞች የሚያደርጉት የጽሑፉን ተቃራኒ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፕሬድኒሶሎኑን መጠን ለጥቂት ቀን ከፍ ያደርጉታል እንጂ አያቆሙትም።

እውነት ነው፣ የሚቆምበት ጊዜም አለ። ለመገጣጠሚያ ብግነት ወይም ለቆዳ በሽታ ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው፣ ወይም በመርፌ የሚሰጡትን አዳሊሙማብን፣ ኢታነርሴፕትን፣ ኢንፍሊክሲማብን የመሳሰሉትን የሚወስድ ሰው ከባድ ኢንፌክሽን ሲይዘው ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እስኪሻለው ያስቆመዋል። የሚቆመው ግን ከአንቲባዮቲኩ ጋር ስለሚጣላ አይደለም። እነዚህ በመርፌ የሚሰጡት በጉበት ኢንዛይም የሚሰባበሩ አይደሉም፣ ከአንቲባዮቲክ ጋር የሚጋሩት በር የላቸውም። የሚቆሙት ሰውነት ኢንፌክሽኑን እንዲዋጋ ትንሽ እንዲለቀቅ ነው። አካል የተተከለለትም ሰው ቢሆን ሕይወቱን የሚያሰጋ ኢንፌክሽን ሲይዘው ሐኪሞቹ ከሚወስዳቸው አንዱን ሊቀንሱለት ይችላሉ። ግን ሚዛኑን የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ በአንድ በኩል ኢንፌክሽኑን በሌላ በኩል አካሉን እያዩ፣ ደም እየለኩ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ከስልኩ ላይ አንብቦ የሚያቆም ሰው ይሄ ሚዛን የለውም።

አሞክሳሲሊን። «ቀላል ነው፣ ከሁሉም ጋር ይሄዳል።» ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያሳስበኝ። ከታክሮሊመስ ጋር በእርግጥም ያን ኢንዛይም አይነካም፣ በብዛትም ይታዘዛል። ማይኮፌኖሌት ለሚወስድ ሰው ግን አንድ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ማይኮፌኖሌት ከጉበት ወደ አንጀት ከወጣ በኋላ የአንጀት ባክቴሪያዎች ፈትተውት ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። አሞክሳሲሊን ከክላቩላኔት ጋር፣ ወይም ሲፕሮ፣ እነዚያን ባክቴሪያዎች ሲያጠፋቸው ይሄ መመለሻ መንገድ ይዘጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚቀጥለው ዶዝ በፊት በደም ውስጥ የሚለካው መጠን በግማሽ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ብዙ ጊዜ ኮርሱ ሲቀጥል እየተሻሻለ ሄዶ አንቲባዮቲኩ ሲያልቅ ይመለሳል፤ ሐኪሞችም በአብዛኛው ዶዝ አይቀይሩም፣ ይከታተላሉ። እንደዚህ ያለ ነገር «አይሄድም» አይባልም፣ «ቀላል ነው» ተብሎም አይታለፍም። ክትትል ይፈልጋል።

ሜቶትሬክሴት ላይ ደግሞ ፔኒሲሊኖች፣ ማለትም የአሞክሳሲሊን ቤተሰብ፣ መድኃኒቱ በኩላሊት በኩል የሚወጣበትን ፍጥነት ሊቀንሱት ይችላሉ። በሳምንት አንዴ በትንሽ ዶዝ ለሚወስድና ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ይሄ ብዙውን ጊዜ ችግር አያመጣም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው፣ ወይም ለካንሰር በከፍተኛ ዶዝ ለሚሰጠው ሰው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ደግሞ ስለ ሜቶትሬክሴት ካነሳን፣ ጽሑፉ ሁሉንም እያስፈራራ ዋናውን አስፈሪ ነገር ረስቶታል፤ ይሄን ስጽፍ በእውነት ተናድጄ ነው። ሜቶትሬክሴት ለሚወስድ ሰው ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ሊሰጠው አይገባም፤ በውስጡ ያለው ትራይሜቶፕሪም ለብቻው ቢሆንም እንኳ አይገባም። ኮትሪሞክሳዞልን ብዙዎቻችሁ ባክትሪም በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። ርካሽ ነው፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በየቦታው ይታዘዛል። ሜቶትሬክሴቱም አንቲባዮቲኩም ሰውነት ደም ለመሥራት የሚፈልገውን ቫይታሚን፣ የፎሌትን መንገድ ይዘጋሉ፣ ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ በዚያ ላይ ሜቶትሬክሴቱ በኩላሊት እንዳይወጣ ያደርጋል። የአጥንት መቅኒ ደም መሥራት ያቆማል። ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፣ ፕላትሌት ይወርዳል፣ ቀይ የደም ሴል ይወርዳል። ሰው የሞተበት ግጭት ነው፤ በአጭር ኮርስና በትንሽ ሳምንታዊ ዶዝም ደርሷል። በየሳምንቱ የሚወሰደው የፎሊክ አሲድ ፍሬ ለዚህ መከታ አይሆንም። አፍ ውስጥ ቁስል ሲወጣ፣ ያለምክንያት ሰውነት ሲበልዝ፣ ድድ ሲደማ፣ ጉሮሮ ሲቆስልና ትኩሳት ሲመጣ ነገ ጠዋት ይደርሳል አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። እዚያ ፎሊኒክ አሲድ የሚባል ማርከሻ አለ፣ ቶሎ ከተደረሰ።

አዛታዮፕሪን የሚባለውን መከላከያ መቀነሻ የሚወስዱም ቢሆኑ ከኮትሪሞክሳዞል ጋር ነጭ የደም ሴላቸው ሊወርድ ስለሚችል ደማቸው መታየት አለበት።

አሁን ይሄን አንብባችሁ «እንግዲያው ባክትሪም መርዝ ነው» እንዳትሉ። እህቴ ከንቅለ ተከላዋ በኋላ ለወራት በየቀኑ የወሰደችው ይሄንኑ ነው! መከላከያቸው የወረደ ሰዎችን የሚያጠቃ፣ ኒሞሲስቲስ በሚባል ፈንገስ የሚመጣ የሳንባ ምች አለ። ኮትሪሞክሳዞል በትንሽ ዶዝ ይሄን ይከላከላል፣ ብዙ ሕይወትም አትርፏል። ታክሮሊመስ ላይ ሲደረብ ፖታሲየምንና ክሬቲኒንን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ደሟ እየታየ ነው የወሰደችው። ያው ፍሬ ለእህቴ ጋሻ ነው፣ ሜቶትሬክሴት ለምትወስደው ጎረቤቷ አደጋ ነው። ለዚህ ነው «አንቲባዮቲክ ከመከላከያ መቀነሻ ጋር ይወሰዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ መልስ የሌለው። ጥያቄው የትኛው ከየትኛው ጋር፣ ለማን፣ በስንት ቀን ክትትል የሚል ሲሆን ነው መልስ የሚኖረው።

ጽሑፉ ያልነካቸው ሌሎች ሁለት አሉ፣ ቶሎ ልበላቸው። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ወንድሞቹ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲወሰዱ ጅማት ሊበጥሱ ይችላሉ፣ በተለይ የተረከዝን። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አስለጥፏል፤ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑትን፣ ስቴሮይድ የሚወስዱትንና ኩላሊት፣ ልብ ወይም ሳንባ የተተከለላቸውን ለይቶ ጠቅሷል። ተረከዛችሁ ላይ ሕመም ከተሰማችሁ መራመዱን ትታችሁ ወደ ሐኪማችሁ ደውሉ። ጄንታማይሲን ደግሞ በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሲሆን በራሱ ኩላሊት ይጎዳል፤ ታክሮሊመስም ሳይክሎስፖሪንም ኩላሊት ይጎዳሉ። ሲደራረቡ ጉዳቱም ይደራረባል። ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ ሐኪሞች የሚሸሹት ለዚህ ነው።

«ትኩሳት ከሌለ ኢንፌክሽን የለም።» የለም፣ ልክ አይደለም። ትኩሳትን፣ እብጠትንና መቅላትን የሚፈጥረው የሰውነት መከላከያው ራሱ ነው። እሱ በመድኃኒት ሲቀነስ ምልክቱም ይቀነሳል። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ሆዱ ውስጥ ከባድ ኢንፌክሽን ይዞ ትኩሳቱ እዚህ ግባ የማይባል ሊሆን ይችላል። ለእህቴ የተሰጣት መመሪያ ቴርሞሜትሩ 38 ካሳየ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ደውዪ የሚል ነው፤ 38 ባይደርስም ድካሙ፣ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ትንፋሽ ማጠሩ ወይም ግራ መጋባቱ ካለ እንዲሁ ደውዪ ተብላለች። ጠብቁ የሚል ምክር ለእንደዚህ ዓይነት ሰው አይሰጥም።

ቤት ውስጥ አንቲባዮቲክ ስለማስቀመጡ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ኢንፌክሽኑ ቫይረስ ከሆነ አይሠራም። ፈንገስ ከሆነም አይሠራም፣ የፈንገስ መድኃኒት የሆነው ፍሉኮናዞል ደግሞ እሱም ያን ኢንዛይም ስለሚይዝ ታክሮሊመስን ከፍ ያደርጋል። ባክቴሪያ ከሆነም ሽንት ወይም ደም ተወስዶ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አብቅሎ የመለየት ምርመራ፣ ሳይደረግ የመጀመሪያው ፍሬ ከተዋጠ፣ የቱ ባክቴሪያ እንደሆነና የቱ መድኃኒት እንደሚገድለው ማወቅ ይከብዳል። አንቲባዮቲክ የሚያመጣው ተቅማጥም ታክሮሊመስን በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ኢንፌክሽን እየተደጋገመበት ሐኪሙ «ይሄን ይዘህ ተቀመጥ፣ እንዲህ ስትሆን ጀምርና ደውልልኝ» ብሎ በስም የሰጠው ሰው ሌላ ነው። እሱ ዕቅድ አለው።

እኛ አሁን የምናደርገው ይሄ ነው። እህቴ የምትወስዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ ስማቸው፣ መጠናቸውና ሰዓታቸው በአንዲት ወረቀት ላይ ተጽፎ ቦርሳዋ ውስጥ አለ፤ የእሱ ፎቶ ደግሞ የሁለታችንም ስልክ ላይ አለ። ማንም ሐኪም አዲስ ነገር ሊያዝላት ሲል ወረቀቷን ከፊቱ ታስቀምጣለች። መድኃኒቱን ስትገዛም ለፋርማሲስቱ ታሳያለች። የምትጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች ናቸው። ይሄ አንቲባዮቲክ ከእነዚህ ከየትኛው ጋር ይነካካል? የደም ምርመራ መቼ ላድርግ? ምን ስሜት ሲሰማኝ ልደውል? ኮርሱ ሲያልቅስ ወደ ድሮው ዶዜ የምመለሰው መቼ ነው? የመጨረሻውን ማንም አይጠይቅም። እኛም ከዚያ የእጅ መንቀጥቀጥ በፊት አንጠይቅም ነበር። ያለ ማዘዣ የሚገዛ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለእሷ የተከለከለ ነው፣ ይሄን ከራሷ ጋር የተማማለችው ነው።

ያን ማታ ሐኪሟ ስልኩን አነሳ። የታዘዘላት ሴፋሎስፖሪን ከሚባለው ወገን ነበር። ከታክሮሊመሷ ጋር የሚያሰጋ ነገር እንደሌለው፣ በዚያችው ሰዓት እንድትጀምር፣ ታክሮሊመሷን በተለመደው ሰዓት ሳታጓድል እንድትቀጥል፣ በሦስተኛው ቀን ለደም እንድትመጣ ነገራት። ጀመረች። ማቃጠሉ በሦስተኛው ቀን ለቀቃት፣ የደም ውጤቷም ከድሮው አልተነቃነቀም።

ጸሐፊውን የምለምናቸው ሁለት መስመር ብቻ ነው። «የሁለት ሰዓት ልዩነት ይበቃል» የሚለውንና «አንቲባዮቲኩ እስኪያልቅ አቁሙ» የሚለውን ያውጧቸው። ሌላውን በጊዜያቸው ያስተካክሉት፣ እኔም ካጠፋሁ ይንገሩኝ፣ አርማለሁ። እነዚያን ሁለቱን ግን ዛሬ ያውጧቸው። ጽሑፉ አሁንም ከእጅ ወደ እጅ እየሄደ ነው፤ መድኃኒቱን ይዞ ልጀምር አልጀምር እያለ የተቀመጠ ሰው የሚያነበው መጀመሪያ እነሱን ነው።